ፋይላችን ያለው የት ነው? በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል ፎልደር ስለመጋራት



ለእረፍት ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የምንሄድ ተማሪዎች ከመንገዳችን በፊት ላፕቶፓችንን ማጽዳት ልማዳችን ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ወደ ወገዳ ሊሳፈር ሲል ዲስኩ ስለሞላበት ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ላይ አጠፋው። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ኮድ ግን እዚያው ኡቡንቱ ውስጥ ነበር። የአንድ ሴሚስተር ሥራ አብሮ ሄደ። ብዙዎቻችንም እንደ እርሱ ፋይላችን የት እንደሚቀመጥ ሳናውቅ ነው የምንሠራው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ደብሊው-ኤስ-ኤል ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ ሆነን እንድንጠቀም ያስችለናል። አሁን በብዛት የምንጠቀምበት ሁለተኛው ቨርዥን ለሊኑክስ የራሱን ዲስክ ይሰጠዋል። ይህ ዲስክ በዊንዶውስ ዘንድ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ኡቡንቱን ስናጠፋ ይህ ፋይል በውስጡ ካለው ሁሉ ጋር ይጠፋል።

በሁለቱ መካከል ግን በር አለ። ሊኑክስ ውስጥ ሆነን «ኤም-ኤን-ቲ» የሚባለውን ፎልደር ብንከፍት «ሲ» የሚል እናገኛለን፤ እርሱ የዊንዶውሳችን ሲ ድራይቭ ነው። ከዊንዶውስ በኩል ደግሞ ፋይል ኤክስፕሎረር ስንከፍት በግራ በኩል የፔንግዊን ምስል ያለበት «ሊኑክስ» የሚል አለ። በዚያ ገብተን የኡቡንቱን ፋይሎች ማየትና መቅዳት እንችላለን።

ታዲያ ሥራችንን የት እናድርገው? ሊኑክስ ላይ ራን የምናደርገው ኮድ እዚያው ሊኑክስ ውስጥ ቢቀመጥ ይፈጥናል፤ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን በበሩ እያመላለሱ ማንበብ ይዘገያል። ሪፖርቱና ፒዲኤፉ ግን በዊንዶውስ በኩል ይቀመጥ። ኮዱንም በየማታው ወደ ዊንዶውስ ፎልደር እንቅዳው።

አንድ ነገር ልብ እንበል፦ መጋራት ማለት መቅዳት አይደለም። በበሩ የምናየው ፋይል ያው አንዱ ፋይል ነው። በሊኑክስ ትእዛዝ ሲ ድራይቭ ላይ ያለን ፋይል ብናጠፋ ከዊንዶውስም ይጠፋል፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥም አናገኘውም።

ይህ ነገር በተለይ የጓደኛ ላፕቶፕ ተውሰን ለምንሠራ አማና ነው። በሩ የሚከፈተው ለእኛ ፎልደር ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም ፋይሎች ነው። በቨርችዋል ቦክስ የምንሠራ ከሆነ አንድ ፎልደር ብቻ መርጠን ማጋራት እንችላለን፤ ለማንበብ ብቻ ከፈለግነው «ሪድ ኦንሊ» የሚለውን ምልክት እናድርግበት።

ስለዚህ ከመሳፈራችን በፊት በፔንግዊኑ በኩል ገብተን ሥራችንን ወደ ዊንዶውስ፣ ከዚያም ወደ ፍላሽ እንቅዳ። ፍላሹንም ከፍተን እንይ። ኡቡንቱን ማጥፋት ካስፈለገን ከዚያ በኋላ ይሁን።

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፤ በሰላም ገብተን በሰላም የምንመለስ ያድርገን። አሚን።