ያውቁ ኖሯል? ሳንቲም ጎርሶ የሚያስጨፍር ማጠቢያ ማሽን
(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

የኒውዚላንዷን ክራይስትቸርች በመስከረም 2010 የመታት ርዕደ መሬት 7.1 ቢለካም ሰው በቀጥታ አልገደለም። በየካቲት 22 ቀን 2011 የተከተለው 6.3 ነበር፤ ነገር ግን ለከተማዋ ቀርቦ፣ ጥልቀቱም አንሶ፣ በምሳ ሰዓት መጣ። 185 ሰው ሞተ።

መሃል ከተማው ከሁለት ዓመት በላይ ታጥሮ እንደቆየስ ያውቁ ኖሯል? ሕንፃ በፈረሰ ቁጥር ባዶ መሬት ይቀራል። «ጋፕ ፊለር» የተባለ ቡድን፣ «ክፍተት ሞይ» እንደማለት ነው፣ ይህን ባዶ መሬት እየተዋሰ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ያደርገው ጀመር።

የቡድኑ ዝነኛ ሥራ ልብስ ማጠቢያ ማሽን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ2012 አንድ አሮጌ ማሽን ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። የሁለት ዶላር ሳንቲም ያጎርሱታል፣ ሙዚቃ ማጫወቻዎን ይሰኩበታል፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ግማሽ ሰዓት ያስጨፍሩዎታል። የእስክስታም ቢሆን ማሽኑ ዘፈን አይመርጥም። ፍርስራሽ መሃል መጨፈር ነውር ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ብልሃቱን ወድጄዋለሁ። ሰው ፈርቶ ወደ ሸሸው ሰፈር የሚመለስበት ሰበብ አገኘ።

አሮጌ ፍሪጅም ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፦ አንዱን መጽሐፍ አስቀምጦ ሌላውን መውሰድ ነው።

ከ3,000 በላይ የዕቃ መጫኛ ፓሌቶች በበጎ ፈቃደኞች እጅ ተደርድረው የሙዚቃና የስብሰባ አዳራሽ ወጣቸው። ሊፈርስ ሲል ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ዓመት አስጨመረለት።

በርዕደ መሬቱ የተሰበረው ሰሃንና ስኒ የት ገባ? አንድ የሴቶች ቡድን ከነዋሪው ስባሪ ሰብስቦ በሞዛይክ ያጌጠ ባለመደገፊያ ወንበር ሠራበት። የአያት ስኒ ስባሪ ለመጣል እንዴት እንደሚያሳሳ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቀራፂው ማይክል ፓሬኮዋይ ከነሐስ የሠራው፣ ፒያኖ ላይ የቆመ ኮርማ በ2012 በባዶ መሬት ላይ ታየ። ነዋሪው ስለወደደው አዋጥቶ ለከተማዋ የሥዕል ማዕከል ገዛው።

የመጨረሻው ታሪክ የወንበሮች ነው። አርቲስቱ ፒተር ማጄንዲ ለ185ቱ ሟቾች 185 ወንበሮች ነጭ ቀብቶ በመጀመሪያው ሙት ዓመት ደረደረ። በመካከላቸው የሕፃን መቀመጫና ተሽከርካሪ ወንበርም አለ። ጎብኚ ልቡ የሳበው ላይ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ይጋበዛል።