ያውቁ ኖሯል? የይፋት በርና ቁልፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዙ ጣርማበር ላይ መኪናዎ የሚገባበትን ዋሻ በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ጣሊያኖች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደጋውን ጭጋግ በአንዱ አፍ ትተው በሌላው ሲወጡ ደብረ ሲና ቆሎዋን ይዛ ትጠብቅዎታለች፤ ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ። በዚህ ዳገት የሚያልፈውን ሰው መቆጣጠር ግን ከዋሻው በፊትም የነበረ ሥራ ነው።

ይፋት በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ሱልጣኔት ነበር። የገዙት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1332 ዓፄ ዓምደ ጽዮን የሸፈተባቸውን ሱልጣን ሰብረዲንን ድል አድርገው ሲይዙት ግዛቱን ለሩቅ ሰው አልሰጡም፤ የገዛ ወንድሙን ጀማልዲንን ሾሙበት። ቤቱን በቤተኛው ማስጠበቅ መሆኑ ነው።

የወላስማ ስም ከ500 ዓመት በኋላም አልጠፋም። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ይፋትን የያዙት ሰው ወላስማ መሐመድ ይባሉ ነበር፤ ሙስሊም ሹም፣ የክርስቲያን ንጉሥ አበጋዝ። አበጋዝ ማለት ጠረፍ ጠባቂ ነው። ከአፋር በረሃ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በእሳቸው በር ነው የሚያልፈው፤ ከአንኮበር በታች ፋሬ ላይ ይቆማል፣ ማንነቱ ለንጉሡ ይላካል፣ «ይለፍ» እስኪባል ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም ከዚህ ደንብ አልተረፈም። የገባ የውጭ ሰው ደግሞ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ከሸዋ አይወጣም ነበር። ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ማኅተም፣ መግቢያና መውጫ ቪዛ ማለት ይኸው አይደል?

የወላስማው ሥራ ግን በር መጠበቅ ብቻ አልነበረም። የመንግሥቱ ግዞት ቤት ጎንቾም በእሳቸው እጅ ነበር። እዚያ የሚታሰሩት ሌቦች አይደሉም፤ ዙፋን ሊመኙ ይችላሉ የተባሉ የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። የዚያን ዘመን የውስጥ ጸጥታ ትልቁ ሥጋት ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ ይመጣ ነበርና ንጉሡ ወንድሞቻቸውን በሌላ ሃይማኖት ሹም አስጠበቁ። ዘውድ የማይመኝ ዘበኛ ማለት ነው፤ ብልሃቱን ማድነቅ ይቻላል፣ እስረኞቹን ግን ማን አየልን? ሃሪስ እንደጻፈው ሣህለ ሥላሴ ታመው ሲያገግሙ እዚያ የታሰሩ ሰባት መሳፍንትን ከነሰንሰለታቸው አስመጥተው ፈቷቸው።

ዛሬስ? ከፌዴራል መንግሥቱ ማረሚያ ቤቶች አንዱ ሸዋ ሮቢት ነው ያለው። ከተማው የአማራ ክልል፣ እስር ቤቱ የፌዴራል። ከንቲባው በደጁ ያልፋሉ እንጂ ቁልፉን አይዙም።

በሩንና ግዞት ቤቱን ሹም ሲጠብቅ መንደሩን የሚጠብቀው ግን ራሱ መንደርተኛው ነበር። አፈርሳታ ሲባል ሰምተው ይሆናል። ሌባው ወይም ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ይውል ነበር፤ ቀሪ ይቀጣ ነበር። አውጫጭኝም ይሉታል። መርማሪም ተጠርጣሪም ያው ሰፈርተኛው ነበር።

በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው አዋጅ ቁጥር 90 ለአጥቢያ ዳኛ የሰጠው ሥልጣን በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል እስከ 15 ብር መቀጫ ነበር። ደርግ ሲመጣ የገበሬ ማኅበር ተተካ፤ አንዱ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር ይዞ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ማኅበሩን ፍርድ ሸንጎና ጥበቃ ጓድ አስታጠቀው። ዳኛውም ጠመንጃውም አንድ ግቢ ገቡ።

አሁን በወረዳ ደረጃ አስተዳዳሪው፣ ፖሊሱ፣ የሚሊሻውና የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች በጸጥታ ምክር ቤት ይገናኛሉ። ቀበሌ ሲወርዱ ሸክሙ የሚሊሻ ነው፤ ቀን አራሽ፣ ሌሊት ዘበኛ። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። 12 አጥቢያ ባላት በጀርዚ ደሴት እስከ ዛሬ ሕዝብ የሚመርጣቸው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የአጥቢያ ፖሊሶች አሉ። ደመወዝተኛው ፖሊስ ቢይዝም ክስ የሚመሠርተው ከእነሱ አንዱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልል የሰጠው ፖሊስ ማቋቋምን ነው። «ልዩ ኃይል» የሚል ቃል ውስጡ ቢፈልጉ አያገኙም፤ ክልሎች ግን ዓመታት አሰለጠኑት፣ በ2015 ዓ.ም. ፌዴራል መንግሥት እንዲፈርስ ወሰነ። ክልል ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት በአንቀጽ 51 መሠረት መከላከያን ይጠይቃል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን በብጥብጥ ምክንያት ማወጅ አይችልም፤ አንቀጽ 93 ለክልል የፈቀደው ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ ብቻ ነው። ሌላውን የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው።

የክልል ነገር ከተነሳ፣ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ምክር ቤት አለው። ደብረ ሲና የምትገኝበት የሰሜን ሸዋ ዞን ምክር ቤት የለውም። ባለ ምክር ቤት ዞንና ባለ አስተዳዳሪ ዞን በአንድ መንገድ ዳር ይዋሰናሉ።

አንድ የመጨረሻ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ብዙዎች ያውቃሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ግን ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀውን ምክንያታዊ ጊዜ ከቁጥሩ ውጭ ያደርጋል። ሰውየው የተያዘው ከይፋት ቆላ ጫፍ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ከሆነ የዳገቱን ሰዓት የሚቆጥረው አጃቢው ፖሊስ ነው።