የአሮጌ ፋይበርግላስ ጀልባ እድሳት፤ ገዥም ሻጭም ሊያውቁት የሚገባ ጕዳይ

በመካነ ሰላም ከተማ ስለ ሞተር ጀልባ የሚያወራ ሰው ቢነሣ፥ ሰሚው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በደጋ ላይ የተቀመጠች ናትና። ነገር ግን የቦረና ወሰን ዐባይ ነው፤ በዚያው በደቡብ ወሎ፥ ከደሴ በስተ ሰሜን፥ የሐይቅ ውሃ ይገኛል፤ ከቦረና ተራሮች የሚወርደውም ጐርፍ በዐባይ በኩል ተጕዞ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ወደ ፈጠረው ወደ ንጋት ሐይቅ ይገባል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ በውሃ ላይ ስለሚደረግ ንግድ ማሰብ ለደጋው ነጋዴም ተገቢ ሆኗል።

አዲስ ጀልባ ከውጭ አገር ማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንዱ ሐይቅ ዳር ተጥሎ የቈየ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ በርካሽ ገዝቶ፥ በካሚዮን አስጭኖ፥ በግቢው ውስጥ ለማደስ የሚያስብ ሰው ቢኖር ሐሳቡ አይነቀፍም። ሆኖም ርካሹ ዋጋ በእውነት ርካሽ የሚሆነው ገዥው ምን እንደሚገዛ ያወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ፋይበርግላስ ማለት ከመስታወት የተፈተለ ክር እንደ ጨርቅ ተዘጋጅቶ፥ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ተነክሮ የደረቀ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ሬይ ግሪን የተባለ ሰው በ1942 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አንዲት ትንሽ ጀልባ በዚህ ዘዴ ሠራ፤ በ1960ዎቹም ፋይበርግላስ የእንጨቱን ጀልባ ከገበያ እየገፋ አስወጣው። አይዝግም፤ ምስጥም አይበላውም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው «ፋይበርግላስ አያረጅም» ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በዚያን ዘመን የተሠሩት ጀልባዎች ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ልቡ ብዙውን ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በወለሉ ሥር ርዝመቱን ይዘው የሚሄዱት ተሸካሚዎችም በአብዛኛው እንጨት ናቸው። ውሃ ባልተደፈነ የብሎን ቀዳዳ ገብቶ ይህን እንጨት ለዓመታት ሲያበሰብስ፥ የውጭው ሽፋን ምንም ሳይሆን ያበራል። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ፥ ውሃ ሲጠግብ ባለቤቱ ክብደቱን ዐውቆ ከውሃ አውጥቶ ያደርቀዋል። ፋይበርግላስ ግን ሕመሙን ይደብቃል።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ጀልባ በስቱኮ ደፍኖ፥ በአዲስ ቀለም አስውቦ መሸጥ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ሲገፋ የበሰበሰው ግድግዳ ቢገነጠል ግን፥ ውሃ ከኋላ ይገባና ገንዘቡም ተሳፋሪውም አብረው ይሰጥማሉ።

ስለዚህ ገዥ የሆነ ሰው ቀለሙን ትቶ መዶሻ ይያዝ። የኋላውን ግድግዳና ወለሉን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ ያንኳኳ። ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም ከእንጨቱ የተላቀቀው ክፍል የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ጥርጣሬ ያደረበት እንደ ሆነ፥ ሻጩን አስፈቅዶ ከውስጥ በኩል በቀጭን መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ይብሳ። የሚወጣው ፍርፋሪ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ መልካም ነው፤ እርጥብና ጥቍር ከሆነ ግን ሙሉው ግድግዳ እንደሚለወጥ ቈጥሮ ዋጋውን ይነጋገር። በወለሉ ሥር የተሞላው አረፋም ውሃ ጠጥቶ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል፤ ጀልባውን ከልክ በላይ ያከብደዋልና።

እድሳቱ ሲጀመር መጀመሪያ የሚሠራው ነገር መደገፊያ ነው። ጀልባው የቅርፁን ልክ በያዘ የእንጨት መደገፊያ ላይ ሳይቀመጥ ወለሉ ቢነሣ፥ አካሉ ይጣመማል፤ የተጣመመም አካል በአዲስ እንጨት ከታሰረ በኋላ አይቃናም። ከዚያ የውስጡ ሽፋን ተቈርጦ የበሰበሰው ሁሉ ይወጣል፤ ቀሪው በደንብ ይደርቃል፤ ውሃ በሚቋቋም ሙጫ የተሠራ አዲስ ኮምፔንሳቶ ሬዚን ጠጥቶ ይገባና በፋይበርግላስ ጨርቅ ይሸፈናል። በአካሉ ላይ ስብራት ካለ፥ ዙሪያው በግራይንደር እየሳሳ እንዲሄድ ይሞረዳል፤ የስፋቱ ልክ የውፍረቱ 12 እጥፍ ነው። ይኸውም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው አካል በየወገኑ 60 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስብራትን በስቱኮ ብቻ መድፈን ጥገና አይባልም። የመኪና ባትላሜራ ሠራተኛ ይህን ሥራ ፈጥኖ ሊለምደው ይችላል፤ መሣሪያው ከሞላ ጐደል አንድ ነውና።

አስመጪዎቻችን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ሬዚኑን ነው። ፖሊስተር የሚባለው ሬዚን ዕድሜው አጭር ነው፤ በቀዝቃዛና ጨለማ ስፍራ ካልተቀመጠ በጥቂት ወራት ውስጥ በቆርቆሮው እንዳለ ይረጋል። አብዛኛው ዕቃችን በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ፥ በሙቀት በወደብ የሰነበተ ሬዚን ደጋ ሳይደርስ ግማሽ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ሲታዘዝ የተመረተበትን ቀን መጠየቅ፥ የሚጫንበትንም ወራት መምረጥ ያስፈልጋል። የደጋው ብርድ ለመጋዘን የሚመች ቢሆንም ለሥራ ግን አይመችም፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሬዚኑ በሚገባ አይጠነክርም። በቦረና ደጋ የሚሠራ ሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቀትር ይሥራ። ማጠንከሪያውም ከሬዚኑ ክብደት ከመቶ 1 እስከ 2 ያህል ይሁን፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማብዛት ሬዚኑን አግሎ ይሰነጥቀዋል።

ባለ ሱቆች ደግሞ ይህን አይርሱ። ማጠንከሪያውና ኮባልት የሚባለው ማፍጠኛ በቀጥታ ቢገናኙ እሳት ይነሣል። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ። ማጠንከሪያው ዐይን ያጠፋል፤ የሬዚኑ ተን ይቀጣጠላል፤ የሚሞረደው የመስታወት ብናኝ ሳንባን ይጐዳል። ስለዚህ ሥራው ከማድ ቤት እሳትና ከልጆች ርቆ፥ ነፋስ በሚገባበት ዳስ ውስጥ፥ በመነጽር፥ በጓንትና በአፍ መሸፈኛ ይሠራ። እነዚህንም ከሬዚኑ ጋር አብሮ የሚሸጥ ነጋዴ ለደንበኛው ባለ ውለታ ነው።

በመጨረሻ ሞተሩ አለ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ ከመቶ 3 ያህል ያጣል። ጣና 1,788 ሜትር ላይ ስለሚገኝ፥ 40 የፈረስ ጕልበት የተጻፈበት ሞተር በዚያ የሚሰጠው 33 ያህል ነው። ለዚህም ከባድ ያልሆነ ፕሮፔለር መምረጥ ይገባል። በመካነ ሰላም ግቢ ካርቡራቶሩ የተስተካከለለት ሞተር ወደሚሠራበት ውሃ ሲወርድ ዳግመኛ ይስተካከል፤ በግቢውም ሲሞከር እግሩ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ካልቆመ የማቀዝቀዣው ጎማ ወዲያው ይቃጠላል።

ጀልባው ተጠግኖ ሲያበቃ ሰው ከመጫኑ በፊት በኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን በኩል የሚፈለገውን ምርመራና ምዝገባ ይፈጽም፤ ለያንዳንዱ ተሳፋሪም የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ይያዝለት። የታደሰ ጀልባ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ከቀለሙ በታች ምን እንደ ተለወጠና ምን እንደ ቀረ በጽሑፍ ዘርዝሮ ቢያስረክብ፥ ገዥው ጀልባውን አምኖ በውሃ ላይ ይወጣል፤ በሌላ ጊዜም ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።