አጋዘኑና አዳኙ በዲሴምበር ብርድ

ኖቬምበር ሲገባ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ጫካ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ በለበሱ አዳኞች ይሞላል። የምስጋና ቀን ካለፈ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው ጠመንጃውን ወልውሎ ያስቀምጣል። ጫካ ውስጥ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ የሚያድኑና እስከ ዲሴምበር 31 ቀስት ይዘው የሚወጡ። በእነዚህ የመጨረሻ ሳምንታት ወሳኙ ነገር ሙቀት ነው። አጋዘኑ ሙቀቱን ለመጠበቅ ሲል የት እንደሚያድርና መቼ እንደሚበላ ይመርጣል። አዳኙም የሚለብሰውና የሚይዘው ዕቃ ሁሉ በዚሁ ይወሰናል።

የሚታደነው ባለነጭ ጅራት አጋዘን ነው። ከባሌው የደጋ አጋዘን ጋር በዘር ይራራቃል። የደጋ አጋዘን ከከብትና ከፍየል ቤተሰብ ስለሆነ የወንዱ ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል፤ ባለነጭ ጅራቱ ግን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ከዲሴምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ በአደኑ ወቅት ማብቂያ ቀንድ አልባ ሆኖ የታየ ሁሉ እንስት ነው ማለት አይቻልም፤ ጥሩ መነጽርና ትዕግሥት የሚያስፈልገው አንድም ለዚህ ነው።

የአጋዘኑ ስንቅና ካፖርት

የቀኑ ማጠር የአጋዘኑን ሆርሞኖች ይቀሰቅሳል፤ የስሪያው ወቅትም በኖቬምበር ይጦፋል። ወንዱ መብላቱን ትቶ እንስት ሲያሳድድ ስለሚሰነብት ከክብደቱ እስከ አንድ አራተኛ ሊያጣ ይችላል። ዲሴምበር ላይ የሚገኘው አጋዘን እንግዲህ የደከመና የተራበ፣ ከሳምንታት ተኩስም ተርፎ ንቁ የሆነ ነው።

ብርዱን የሚቋቋምበት መሣሪያ ግን አብሮት አለ። ቀላ ያለው የሞቃት ወራት ፀጉሩ ረግፎ ግራጫማ ካፖርት ተተክቷል። ላይኛው ፀጉር ረጅምና ውስጡ አየር የያዘ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጭገር አለ። ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ማለዳ በመነጽር ያየው ሰው ጀርባው ላይ ያረፈው በረዶ ሳይቀልጥ ተጋግሮ ያገኘዋል፤ ከዚያ በረዶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ሥጋ ግን 38 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ይሞቃል።

ሁለተኛው መሣሪያው ቁጠባ ነው። ታጥረው የሚኖሩና መኖ በገፍ የሚቀርብላቸው አጋዘኖች እንኳ በዚህ ወቅት በራሳቸው ጊዜ አመጋገባቸውን ይቀንሳሉ። እንቅስቃሴያቸውን ገትተው በመኸር ባጠራቀሙት ስብ ይኖራሉ። በረዶው ሲከመር ጥቅጥቅ ወዳለ የዝግባና የጥድ ዓይነት ዛፎች ጫካ ይሰበሰባሉ፤ ቅርንጫፎቹ በረዶውን ይይዙላቸዋል፣ ነፋሱንም ይሰብሩላቸዋል።

ቁጠባው ግን ወሰን አለው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ የብርዱን ወቅት ክፋት በነጥብ ይለካል። ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሲየስ ወይም ከዚያ በታች ለወረደበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ፣ የበረዶው ጥልቀት 38 ሴንቲ ሜትር ለደረሰበት ቀን ደግሞ ሌላ አንድ ነጥብ ይያዛል። ድምሩ ከ100 ካነሰ ወቅቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ከ180 ከበለጠ ከባድ ይባላል፤ በተለይ ግልገሎችና ያረጁት ብዙ ይሞታሉ።

ልምድ ያለው አዳኝ ይህን ስለሚያውቅ ምግብ ያለበትን ይፈልጋል። ያልታጨደ በቆሎ ወይም አኩሪ አተር ከመኝታው ጫካ አጠገብ ካለ፣ አጋዘኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደዚያ ይወጣል። ያን ጊዜ አዳኙ ቀድሞ ተቀምጦ፣ ሳይንቀሳቀስ ሰዓታት መጠበቅ ይኖርበታል።

ላብ፣ ጥጥና ሱፍ

ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ በረዶ እየረገጠ ዳገት ሲወጣ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙን ካፖርት ለብሶ እስከ መቀመጫው የተጓዘ አዳኝ በላብ ይርሳል፤ ከተቀመጠ በኋላ ያ ላብ ጠላቱ ይሆናል። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያስተላልፋልና። ስለዚህ ወፍራሙን ልብስ ከቦርሳ ጋር አስሮ፣ ስስ ለብሶና ቀስ ብሎ መጓዝ፣ ከዚያም ቁጭ ሲሉ መደረብ የመጀመሪያው ሕግ ነው።

ሁለተኛው ሕግ የልብሱን ጨርቅ ይመለከታል። ጋቢ የሚያሞቀን በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ የአጋዘኑ ፀጉርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ሲርስ አየሩን አስወጥቶ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ሱፍ ከክብደቱ ሲሦ የሚጠጋ እርጥበት ውስጡ አስገብቶ እንኳ ለገላ እንደ እርጥብ አይሰማም፤ እርጥበቱን ሲመጥም ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። የመንዝ ደገኞች በርኖስ ከበግ ጠጉር መሠራቱ ከዚሁ የተነሳ ጥበብ ነው። የሚኒሶታ አዳኝም ከገላው ቀጥሎ ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከዚያ አየር የሚይዝ ወፍራም ልብስ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ካፖርት ይደርባል።

እግር ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጫማው እስኪጠብ ካልሲ መደረብ አየሩን ጨፍልቆ ያስወጣል፣ የደም ዝውውሩንም ያግዳል፤ እግሩ ይባስ ይበርደዋል። በኪስ የሚያዙት ትናንሽ የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶችም የራሳቸው ባሕርይ አላቸው። ውስጣቸው የብረት ዱቄት፣ ጨውና ከሰል አለ፤ ብረቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሲዝግ ሙቀት ይወጣል። አየር በማያስገባ ጫማ ውስጥ ከታፈኑ ሥራቸውን ያቆማሉ።

የሰው የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። መንቀጥቀጥ፣ የጣት አለመታዘዝና የሐሳብ መዘባረቅ ምልክቶቹ ናቸው። ሐሳቡ የተዘባረቀ ሰው ጠመንጃ ይዞ ዛፍ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከዛፍ መቀመጫ መውደቅ በአጋዘን አደን ለሚደርስ ጉዳት ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። ስለዚህ ከምድር ከተነሱበት ጊዜ ጀምሮ ተመልሰው እስኪወርዱ ድረስ መላ ሰውነትን የሚይዝ መታጠቂያ መታጠቅ ግዴታ ተደርጎ መታየት አለበት።

ብረትና መስተዋት በብርድ

ቀዝቃዛ ጠመንጃ ወደሞቀ ቤት ሲገባ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ብረቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። በነጋታው ወደ ብርድ ሲወጣ ጤዛው ይረጋል፤ ጥይት የሚመታው መርፌም ሊያዝ ይችላል። ወፍራም ዘይትም በብርድ ይጓጉላል። በአፈሙዙ በሚጎርሰው ጠመንጃ ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ ባሩድ እርጥበት ስለሚስብ ተኩሱ ሊከሽፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት አዳኞች የጠመንጃውን መለኮሻ አውጥተው፣ ዘይቱንም ጠርገው፣ መሣሪያውን ብርድ ባለበት በተቆለፈ ቦታ ያሳድሩታል። ጥሩ መነጽሮችና የጠመንጃ ማነጣጠሪያዎች ውስጣቸው በደረቅ ናይትሮጅን የሚሞላውም ጤዛው ከውስጥ እንዳይፈጠር ነው። ከውጭ በኩል ያለውን ግን ትንፋሽን ከመስተዋቱ በማራቅ ብቻ ነው መከላከል የሚቻለው።

ብርቱካናማው ልብስስ አዳኙን አያጋልጥም? የሰው ዓይን ሦስት ዓይነት የቀለም መለያ ሕዋሳት ሲኖሩት የአጋዘን ሁለት ብቻ ነው ያለው። ብርቱካናማንና ቀይን ከአረንጓዴ አጥርቶ አይለይም። ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል፤ የሰው ዓይን የሚያግደው አልትራቫዮሌት ብርሃንም በከፊል ይታየዋል። ልብስን የሚያደምቁ ሳሙናዎች በዚህ ብርሃን ስለሚያበሩ፣ አዳኙን የሚያሳብቀው ከብርቱካናማው ሰደርያ ይልቅ የታጠበበት ሳሙና ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን አጋዘን በአፍንጫው ያምናል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከአጋዘኑ ወደ አዳኙ መንፈስ አለበት።

ጫካ አጠገብ ለምትኖሩ

አደኑ ለአጋዘኑም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የአሜሪካ የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ከረጃጅም ጠመንጃዎችና ከጥይት ሽያጭ 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አድርጓል። በአደን ተመናምኖ የነበረው አጋዘን ዛሬ በመላ አገሪቱ ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል። ቁጥሩ በአደን ካልተመጠነ ጫካውን ይጨርሳል፤ ራሱም ይራባል።

በሚኒሶታና በአካባቢው ግዛቶች የምትኖሩ አንባብያን አዳኝ ባትሆኑም ሦስት ነገር ልብ በሉ። በአደን ወቅት በጫካ መንገድ ስትሄዱ እናንተም ልጆቻችሁም ብርቱካናማ ልበሱ። የአጋዘን ሥጋ በስጦታ ከደረሳችሁ እንስሳው፣ ፕሪዮን የሚባል የተዛባ ፕሮቲን ከሚያመጣውና አክስቶ ከሚገድለው በሽታ ነጻ መሆኑ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ሆኖም ፕሪዮን በማብሰል ስለማይጠፋ የጤና ባለሥልጣናት የታመመ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ ይመክራሉ። በመጨረሻም፣ በበረዶ መካከል የቆመ አጋዘን አሳዝኗችሁ በቆሎ አትስጡት። በሆዱ ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን በዚያ ወቅት ከጭራሮና ከቅርፊት ጋር ተላምደዋል፤ ድንገት የገባ እህል ሆዱን አሲድ ሞልቶ ሊገድለው ይችላል።