የጎጃም መሬት ታሪክ ከምን ይጻፋል?

እንግሊዝ አገር የአንድ ባላባት ቤት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው መነሻው ቤቱ ራሱ ነው። የጪሰኛው ኪራይ መዝገብ፣ የአሽከሩ ደመወዝ፣ የጋብቻ ውሉና የእርሻው ካርታ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ወረቀቱን ያስቀመጠው ጌታው ስለሆነ ታሪኩም ለረጅም ዘመን የጌታው ታሪክ ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ያሉ ቤቶችን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ከባርነትና ከቅኝ ግዛት ጋር የተያያዙ 93 ይዞታዎቹን ሲዘረዝር ብዙ ክርክር ተነሥቷል።

ደብረ ኤልያስ ላይ ይኸው ሥራ ቢታሰብ ግን የሚያዝ ቤት የለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በሚወርደው በዚህ አገር፣ እንደ ቀረው ጎጃም ሁሉ፣ አንድ ማሳ ላይ ሁለት መብት ያርፍ ነበር። ርስት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በዘር የሚወረድ የማረስ መብት ነው። ጉልት ደግሞ ከዚያው መሬት ግብር የመብላት መብት ሲሆን፣ ንጉሥ ለመኳንንት ወይም ለደብር የሚሰጠው ነው።

ጉልት የሚጻፈው በብራና ነው። ደብሩ ካለው ወንጌል ባዶ ገጽ ወይም ኅዳግ ላይ የሰጪው ስም፣ የተሰጠው አገርና የእማኞቹ ዝርዝር ይሰፍራል፤ መጨረሻው ስጦታውን በሚያፈርስ ላይ የሚወርድ ግዝት ነው። ወንጌል ላይ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤተ መቅደስ የማይወጣን መጽሐፍ ፍቆ ለመለወጥ የሚደፍር ጥቂት ነው። ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የመሬት ታሪክ በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ኅዳጎች ላይ ነው።

ርስት የሚቀመጠው በአፍ ነው። በእናትም በአባትም ስለሚወረድ፣ አንድ ሰው አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው፤ በእያንዳንዳቸው በኩል ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ሁሉንም ማረስ ስለማይችል የሚጠይቀው ጉልበቱና ወገኑ የሚያዋጣውን ነው። በጎጃም ዳሞት የገበሬውን ሙግት ያጠናው አላን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ አሠራሩን ዘርዝሮታል፦ ጠያቂው ከዋናው አባት ጀምሮ ምንዝር አባቶቹን፣ ማለትም ድርሻው የተከፈለባቸውን ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እየቆጠረ እስከ ራሱ ይወርዳል፤ ባላጋራው አንዷን ቀለበት ከበጠሰ ክርክሩ ወደቀ። የትውልድ ሐረግ በትክክል የሚታወሰው እንግዲህ የሚሟገትበት ሲኖር ነው። ያልተከራከሩበት ማሳ ታሪክ የለውም ለማለት ይቻላል።

ካርታ ያልኖረበትም ምክንያት ከዚሁ የመጣ ነው። የጎጃም ገበሬ ቃላድን፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ የሚፈራው ርስቱን ቆርጦ ለመንግሥት ይሰጣል ብሎ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ ይህ ሥጋት ከአመፁ ጋር አብሮ ነበር።

ጉልተኛና ገባር ፊት ለፊት ሲገናኙ ምን ይባባሉ እንደነበር ኅዳጉም ሆነ ሙግቱ አይነግረንም። በዚህ ረገድ በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይጠቅማል፤ በፊታውራሪ መሸሻና በገባሮቻቸው መካከል ያለው የግብር ጠብ እዚያ ይታያል። ልብ ወለድ ማስረጃ አይሆንም ቢባልም እኔ ለቃላቱ አምነዋለሁ። ርስተ ጉልት፣ ማለትም በዘር የሚወረድ ጉልት፣ በአዋጅ የተሻረውም መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ምንዝር አባት መቁጠር መሬት አያስገኝም። የሚያስታውሱትም እያረጁ ሄዱ። ዛሬ የአማራ ክልል ገበሬ የሚይዘው የመሬት ደብተር ነው፤ የማሳው ስፋትና አዋሳኝ፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አለበት። መሬቱን ያቀናው አባት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።