ደሴ ተቀምጦ የኮምቦልቻን መጋዘን ማየት

በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚገናኙት ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መኖሪያው ደሴ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ የሆነ ነጋዴም ሆነ ደሴ ያሠራውን ቤት ከዓረብ አገር ሆኖ ለመጠበቅ የሚሻ ሰው ካሜራ ሲያስተክል የሚገጥመው እንቅፋት አንድ ነው፤ ካሜራው ወደ ውጭ መደወል ይችላል፣ ከውጭ ግን በቀጥታ ሊደወልለት አይችልም።

ምክንያቱ የአድራሻ እጥረት ነው። የተለመደው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያዎች በኢንተርኔት የሚታወቁበት ቁጥር፣ በ32 ቢት ስለሚጻፍ ብዛቱ ከ4.3 ቢሊዮን አያልፍም፤ በመሆኑም የቴሌኮም ድርጅቶች፣ በተለይ በሲም ካርድ ለሚገኝ ኢንተርኔት፣ ብዙ ደንበኞችን በአንድ ይፋዊ አድራሻ ሥር ያሳድራሉ። ናት የሚባለው ይህ አሠራር በቤቱ ራውተርና በድርጅቱ መሣሪያ ላይ ሲደራረብ፣ ፖርት መክፈት የሚባለው ዘዴ፣ ይኸውም ራውተሩ ከውጭ የመጣን ጥያቄ ወደ ካሜራው እንዲያሳልፍ ማዘዝ፣ ከንቱ ይሆናል፤ ደንበኛው የሚያዝዘው የውስጡን በር ብቻ ነውና። በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ የኋለኛው እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ተግባር የተመደበ ስለሆነ፣ ፖርት ለመክፈት መድከም አያስፈልግም።

የሂክቪዥን፣ የዳሁዋና የመሳሰሉት ካሜራዎች ችግሩን የሚያልፉት አቅጣጫውን በመገልበጥ ነው። ካሜራው እንደበራ ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ይደውልና መስመሩን ሳይዘጋ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ በካሜራው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በስልኩ አንብቦ ወደዚያው ሰርቨር ሲገባ፣ ሰርቨሩ ሁለቱን አገናኝቶ ገለል ይላል፤ በቀጥታ መገናኘት ካቃታቸው ግን ምስሉን ራሱ ያመላልሳል። ዘዴው ምቹ ቢሆንም የቤት ገመና የሚያልፍበት ሰርቨር የባዕድ ነው። ይህን የማይወድ ሰው ይፋዊ አድራሻ ያለው ሰርቨር ተከራይቶ፣ ዋየርጋርድን በመሰለ ፕሮግራም ከቤቱ ወደዚያ የተመሠጠረ መስመር፣ ማለትም ቪፒኤን፣ ሊዘረጋ ይችላል። ቋሚ ይፋዊ አድራሻ ገዝቶ ካሜራውን ለዓለም ሁሉ መክፈት ግን የሚመከር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የወረረው ማንም ባልቀየረው የፋብሪካ የይለፍ ቃል ገብቶ ነው።

ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ሲኖር ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ እንደታየው፣ መስመሩ ሲጠፋ በሲም የሚሠራ ካሜራን ከሩቅ ለማየት የትኛውም ብልሃት አይረዳም፤ ካሜራው ግን መብራት እስካለ ድረስ በሚሞሪ ካርዱ ወይም ኤንቪአር በሚባለው መቅጃ መቅረጹን ይቀጥላል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ስለሚፈጅ፣ 128 ጊጋባይት ካርድ ሦስት ቀን ሳይሞላ ያለፈውን እየደመሰሰ በላዩ ይጽፋል፤ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ግን 46 ቀን ያህል ይይዛል፤ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ከታዘዘ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።