ፍሎራይድ የለሹ የጥርስ ሳሙና ለጣና ዳር ጥርስ ይበጃል?

ባሕር ዳር ውስጥ በየሱቁና በየቴሌግራም ገበያው «ፍሎራይድ የለውም» ተብሎ የሚተዋወቅ የጥርስ ሳሙና አይጠፋም። ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ ማስታወቂያው ላይ በረዶ የመሰለ ጥርስ ይታያል። ቃል የሚገባውም ብዙ ነው፦ ጥርስ ያነጣል፣ የሚደማ ድድ ያድናል፣ መበስበስን ይከላከላል፣ ደግሞም «ከመርዝ ነፃ» ነው። ከመግዛታችን በፊት እንተዋወቀው።

የጥርስ ሳሙና ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ማጽዳት ነው። ይህን የሚሠሩት እንደ ካልሲየም ካርቦኔትና ሲሊካ ያሉ ደቃቅ ዱቄቶችና አረፋ የሚያወጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በዚህ በኩል ፍሎራይድ የለሹ ከሌላው አያንስም። ጠዋትና ማታ በብሩሽ በደንብ ለሚያሽበት ሰው ቆሻሻውን ያነሣለታል፤ ቆሻሻው ሲነሣ ደግሞ ድድ መድማቱን ይቀንሳል። ለድድ በገባው ቃል ላይ ግን አብዛኛው ምስጋና የብሩሹ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጥርስን ማጠንከር ሲሆን ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጣፋጭ ስንበላ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ከጥርስ የውጭ ሽፋን ካልሲየምና ፎስፌት አሟሙቶ ይወስዳል። ምራቅ የተወሰደውን መልሶ ይተካል። ፍሎራይድ ሲኖር መተካቱ ይፈጥናል፤ የተተካውም ከቀድሞው ይበልጥ አሲድ ይቋቋማል። የሚወሰደው ከሚተካው ሲበልጥ ጥርስ ይቦረቦራል፤ «ጥርሴ ተበላ» የምንለው ያኔ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው አንድ ግምገማ 70 ያህል ጥናቶችን መርምሮ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን የጥርስ መበስበስ በአማካይ 24 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ይህን ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ታዲያ «መርዝ ነው» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? በአገራችን መነሻ የለውም አይባልም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ጥርሱ የበለዘ ሰው ብርቅ አይደለም። ምክንያቱ የሚጠጣው ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ እንዲህ ያለ ውሃ ለዓመታት ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው ደርቆ መታጠፍ እስኪያቅታቸው ደርሰዋል። ጥርስ የሚበልዘው ግን በልጅነት፣ ቋሚው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። አዋቂ ሰው ፍቆ በሚተፋው ሳሙና ጥርሱ አይበልዝም። ፍሎራይድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል የሚባለውም ቢሆን፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም በ2024 ያወጣው ሪፖርት ዝቅተኛ የአእምሮ ብቃትን ያያያዘው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ካለው የመጠጥ ውሃ ጋር ነው።

ጣና ዳር ነገሩ ይገለበጣል። የጣና ተፋሰስ በአብዛኛው ባዛልት ድንጋይ ላይ የተኛ ነው፤ ውሃው ካልሲየም ሲኖረው ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ፍል ውሃውና የእሳተ ገሞራው አመድ ፍሎራይዱን ወደ ውሃው ይለቁታል። ስለዚህ የባሕር ዳር ልጅ ከውሃው የሚያገኘው ጥቂት ነው። ለስላሳው፣ ከረሜላውና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን በየዕለቱ አይቀሩም። ሻይ ቅጠል ራሱ ከሚሰጠው በቀር፣ ለዚህ ልጅ ፍሎራይድ የሚገባበት ዋናው በር የጥርስ ሳሙናው ነው። ማስታወቂያው የሚኮራበት ጉድለት እዚህ አገር ጉድለት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቀሩትን ተስፋዎችም እንያቸው። ማንጣትን በተመለከተ፣ ከሰል ያለበት ሳሙና የሻይና የቡና ቀለም ፍቆ ሊያነሣ ይችላል፤ የጥርስን የተፈጥሮ ቀለም ግን አይለውጥም፤ ሻካራ ከሆነም ሽፋኑን ይበላዋል። «ተፈጥሯዊ» መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድም ተፈጥሯዊ ነው። ተፈጥሯዊ ለሚወድ ሰው መፋቂያ በርካሽ ይገኛል። የወይራ ወይም የክትክታ እንጨት ጫፉ ታኝኮ ክሩ ሲበተን ጥሩ ብሩሽ ይወጣዋል። በመፋቂያ ፍቆ ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና መድገም ይቻላል።

ፍሎራይድ የለሽ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ጥርስ ራሱ ከተሠራበት ማዕድን የሚዘጋጅ፣ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት አለ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1993 መበስበስን ለመከላከል እንዲያገለግል የፈቀደችው ሲሆን ጥሩ ውጤት ያሳዩ ጥናቶችም አሉት። የፍሎራይድን ያህል ረጅም ማስረጃ ግን ገና አላከማቸም።

ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ሶዲየም ፍሎራይድ ወይም ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት ተጽፎ፣ አጠገቡ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ቁጥር ካለ ለመበስበስ የሚሆነው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ ታህል ትበቃዋለች፤ እንዳይውጥም አጠገቡ ቁሙ። ፍቃችሁ ስትጨርሱ ሳሙናውን ትፉት እንጂ በብዙ ውሃ አትጉመጥመጡ፤ የቀረው ፍሎራይድ ሌሊቱን ይሠራል።

ፍሎራይድ የለሹ ሳሙና ምናልባት የሚጠቅመው፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ በሚጠጣ ቀበሌ ለሚያድግና መትፋት ገና ላልቻለ ሕፃን ነው፤ እሱም ሐኪም ሲመክር። ለባሕር ዳር፣ ለዘጌና ለጎርጎራ ቤተሰብ ግን ተራው ፍሎራይድ የለሽ ያጸዳል፣ ጥሩ ጠረን ይሰጣል፤ ከመበስበስ እጠብቃለሁ ያለውን ቃል አይፈጽምም። ጥርሳችሁን ካመማችሁም ሳሙና ከመቀየር በፊት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።